ሽርጥ አሸርጬ ቤቴን ሳድስ

ቤት ውስጥ ሥራ ሲኖርብኝ ሱሪዬን አውልቄ ሽርጤን አሸርጣለሁ። ግድግዳ ስመርግም፣ ቧንቧ ስቀይርም፣ ቀለም ስቀባም፣ ጣሪያ ላይ ስወጣም ያው ነው። ኮምቦልቻ ላደገ ሰው ወንድ ልጅ ቤቱ ገብቶ ሽርጥ ማሸረጡ ብርቅ አይደለም። ግን ሽርጥ የሚታወቀው ለዕረፍት ነው። ለቡና፣ ለበርጫ፣ ለሶላት፣ ለመኝታ። ሥራ ሲመጣ ሰው ብድግ ብሎ ሱሪ ይቀይራል። እኔ ደግሞ ለቤት ሥራ ከሱሪ ይልቅ ሽርጥ ይሻላል ባይ ነኝ። ሁሌም አይደለም፤ የማይሆንበትንም እነግራችኋለሁ። ለአብዛኛው ሥራ ግን ይሻላል።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ እዚህ ከመጣ ብዙም ያልቆየ ልጅ ነው። አንድ እሁድ ቤት መጥቶ ግድግዳ ስመርግ አገኘኝ። እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነኝ፤ ሽርጤ ተሰብስቦ ወገቤ ላይ ተሸጉጧል። ቆሞ አየኝና «ወንድሜ፣ በቀሚስ ነው እንዴ ቤት የምታድሰው?» አለኝ። በክፋት አልነበረም፤ እውነት ገርሞት ነው። ከዚያ ቡና ላይ ቁጭ ብለን ብዙ አወራን። ጥያቄው ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ፤ ምክንያቱም ከሱ ሌላም ሰው ይጠይቀኛል። ብዙዎቹ እንደሱ በጨዋ ደንብ አይጠይቁም።

መጀመሪያ ስለ አገሩ ልናገር። ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ፣ ጦሳ ሥር ተቀምጣ ሰው ጋቢ ይደርባል። በሐረጎ ጠመዝማዛ ወርዳችሁ ቦርከና ወንዝ ዳር ስትደርሱ ወደ 1,850 ሜትር ናችሁ። ጃኬት ለብሶ ከደሴ ታክሲ የገባ ሰው ኮምቦልቻ ሲወርድ ጃኬቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በጂንስ ሱሪ ተንበርክኮ ቧንቧ መፍታት ምን እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። ላቡ ሱሪውን እግር ላይ ያጣብቀዋል። ቁጢጥ ስትሉ ጉልበት ላይ ይይዛል፣ ከኋላ ይወርዳል፣ ወገብ ይቆርጣል። የቤት ሥራ ደግሞ ግማሹ ቁጢጥ ብሎ የሚሠራ ነው።

አባቴ የአሰብ መንገድ ሹፌር ነበር። ያኔ የአሰብ ጭነት በሚሌና በባቲ በኩል ወጥቶ ነበር ኮምቦልቻ የሚደርሰው። ከባቲ ቁልቁል ከተወረደ በኋላ ያለው ሙቀት ከእኛ ሙቀት ጋር አይወዳደርም። ሹፌሮቹ ሱሪያቸውን ጋቢና ውስጥ ሰቅለው በሽርጥ ነበር የሚነዱት። ጎማ ሲፈነዳ በሽርጥ ይቀይራሉ፤ መኪናው ሲበላሽ በሽርጥ ሥሩ ይገባሉ። ትልቅ የጭነት መኪና ጎማ መፍታት ቀላል ሥራ አይደለም። ለዚያ ሥራ ያልከበደ ልብስ ለበር ማጠፊያ ይከብዳል የሚለኝ ሰው አይገባኝም። በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት መጥቶ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ አባቴ ቤት ዋለ። ሽርጡን ግን አልተወም። አሁን የማድሰውን ይህንኑ ቤት በሽርጥ ሲጠጋግነው እያየሁ ነው ያደግሁት።

ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ወርዳችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ አፋሩም፣ ኦሮሞውም፣ አማራውም፣ አርጎባውም እዚያ ይገናኛል። የአፋር ወንድ ሽርጡን አሸርጦ ግመል ይጭናል፣ ያራግፋል፣ አሞሌ ይሸከማል። ሥራ ስለመጣ ልብስ የሚቀይር የለም። የቃሉ ወረዳ ገበሬም ሲያርስና ሲያጭድ በሽርጥ ወይም በቁምጣ ነው። ሥራን ከሱሪ ጋር ያቆራኘነው እኛ ከተሜዎቹ ነን፤ ያውም በቅርቡ።

ቤታችን የጭቃ ቤት ነው። የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ ማገር፣ በጭድ የተቦካ ምርጊት፣ ከላይ ቆርቆሮ። ኮምቦልቻ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ሞልቷል። ሰው አፍርሶ በብሎኬት ይሠራል። እኔ ለማፍረስ አቅሙም ፍላጎቱም የለኝም። ቤቱ በጋ ላይ ቀዝቃዛ ነው፤ ክረምት ላይ ይሞቃል። ችግሩ የግድግዳው እግር ነው። የክረምቱ ዝናብ ከቆርቆሮው እየወረደ መሬት ሲመታ ይረጫል። የሚረጨው ውሃ የግድግዳውን ሥር በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይበላዋል። ቆይቶ ማገሩ አጥንቱ ይወጣል።

ብዙ ጎረቤቶቼ ይህን የተበላ ቦታ በሲሚንቶ ይለስኑታል። እባካችሁ አታድርጉት። ሲሚንቶ ከጭቃ ጋር አይዋደድም። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ ግን ግትር ነው፣ አብሮት አይንቀሳቀስም። ስንጥቅ ያበጃል። በስንጥቁ ውሃ ይገባል። የገባው ውሃ ደግሞ መውጫ ያጣና ከውስጥ ግድግዳውን ያበሰብሰዋል፤ ቋሚውንም ጭምር። ከውጭ ስታዩት ያምራል። አንድ ቀን ልስኑ ሙሉ ገበታ ሆኖ ሲወድቅ ከጀርባው ዱቄት ነው የምታገኙት። የጭቃ ግድግዳ የሚጠገነው በጭቃ ነው።

ሽርጥ ከማንኛውም ልብስ የሚበልጠው እዚህ ሥራ ላይ ነው፤ ስለዚህ ጠጋ ብዬ ላሳያችሁ።

አፈሩን መምረጥ ይቀድማል። የእኛ ሜዳ ጥቁር ዋልካ ይበዛበታል። ዋልካ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ከዳገቱ በኩል ቀይ አፈር አስመጥቼ ትንሽ አሸዋ እቀላቅልበታለሁ። አፈሩን እንደ ክብ አጥር ከምሬ መሃሉ ላይ ውሃ እሞላለሁ። የጤፍ ጭድ በላዩ እበትናለሁ። ጭዱ ዋና ነገር ነው፤ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ የሚይዘው እሱ ነው። ከዚያ ጫማ አውልቄ እገባለሁ።

አሁን ሽርጡን እዩት። የታችኛውን ጠርዝ በሁለት እጄ ይዤ ወደ ላይ አነሳዋለሁ። ከጉልበቴ በላይ ሲደርስ ጫፎቹን ግራና ቀኝ ወገቤ ላይ፣ ጥቅሉ ውስጥ እሸጉጣቸዋለሁ። ሁለቱም እግሮቼ ነፃ ናቸው። ጭቃ ሲረገጥ እግር ይገባል፣ ይያዛል፣ በግድ ይነቀላል። ሱሪ ምንም ያህል ቢጠቀለል ቀስ በቀስ ይወርዳል፤ ጭቃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ እግር በተነቀለ ቁጥር ይጎትታል። ሽርጥ ከጉልበት በላይ ስለሚሰበሰብ ጭቃው አያገኘውም። ቢያገኘውም አንድ እራፊ ጨርቅ ነው፤ ውሃ ውስጥ ነከር አድርጎ መጭመቅ ነው። ባለቤቴ ውሃ ታፈሳለች፣ ልጆቹም ጫማቸውን አውልቀው ይገባሉ። ተረከዝ ወደ ውስጥ ይጫናል፣ ጣት ይገለብጣል። ጭዱ እግር ሥር መንሸራተቱን ትቶ ከጭቃው ጋር አንድ ሲሆን በውስጥ እግራችሁ ታውቁታላችሁ።

የተረገጠው ጭቃ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍኖ ያድራል። ጥቂት ቀን ቢቆይ ይበልጥ ይሻላል፤ ጭዱ ይበሰብስና ጭቃውን ያጣብቀዋል። እየደረቀ ከሄደ ውሃ ረጭቶ ደግሞ መርገጥ ነው። ሽታው ደስ አይልም። ያ ሽታ ግን ጭቃው እንደደረሰ ምልክት ነው።

ከመመረጉ በፊት አሮጌውን ግድግዳ ውሃ ማጠጣት ያስፈልጋል። ደረቅ ግድግዳ የአዲሱን ጭቃ ውሃ መጥጦ ይወስድበታል፤ ከዚያ አይያያዝም። የላላውን ሁሉ በመሮ ማርገፍ፣ ማጠጣት፣ ከዚያ ጭቃውን በእጅ ጨበጥ አድርጎ በኃይል መለጠፍ። በስሱ፣ በደርብ በደርብ። በአንድ ጊዜ ካወፈሩት ይወርዳል። የመጀመሪያው ደርብ ደርቆ ጥቃቅን ስንጥቅ ሲያወጣ፣ የተነፋ አፈርና እበት የተቀላቀለበትን ስስ ምርጊት ከላይ ማልበስ ነው። የግድግዳው እግር ጋ ቁጢጥ ብሎ ግማሽ ቀን መዋል ሥራው የሚጠይቀው ነው። በሽርጥ ቁጢጥ ማለት ምንም የሚጎትት፣ ምንም የሚቆርጥ ነገር የለውም።

ይህንን ሁሉ የምለው ስለ ጥጥ ሽርጥ ነው። ገበያ ላይ የሚያብረቀርቀው፣ ቀለሙ ደማቅ የሆነው ብዙውን ጊዜ ፖሊስተር ነው። ለጁምዓ ያምራል፤ ለሥራ አይሆንም። ላብ አይጠጣም፤ እሳት ሲነካው ደግሞ እንደ ጥጥ ከስሎ አይቀርም፣ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ስትገዙ ጨርቁን በእጃችሁ ጨብጡት። ጥጥ ሲጨበጥ ይጨማደዳል። ዳማ ዳማው፣ ብዙ ጊዜ ታጥቦ የለሰለሰው ከሁሉ ይሻላል። ዙሪያው ተሰፍቶ የተገጠመውንም እመርጣለሁ። ክፍቱ ሽርጥ ጎንበስ ሲባል ይገለጣል።

አስተሳሰሩም ወሳኝ ነው፤ ሰው ሽርጥ ይፈታብኛል ብሎ የሚፈራው ስላልጠበቀ ነው። ሽርጡ ውስጥ ትገባላችሁ፤ ትርፉን ወደ አንድ ጎን ትስባላችሁ፤ አጥፋችሁ ወደ ፊት ታመጡታላችሁ። ሆዳችሁን ሳብ አድርጋችሁ የላይኛውን ጠርዝ ወደ ታች ትጠቀልላላችሁ። አንዴ ተጠቅልሎ አይበቃም፤ ደጋግሙት። ለሥራ እኔ በላዩ ላይ ቀበቶ አስራለሁ። ሜትሬና ፒንሳዬ ቀበቶው ላይ ይሰካሉ። ከሥር ሁሌም የጥጥ ቁምጣ አለ። ይህ ለድርድር አይቀርብም። ግቢያችን ውስጥ ተከራይ አለ፣ ሕፃናት አሉ፣ ጎረቤት ይወጣል ይገባል።

ጣሪያ ላይ የሚወጣ ደግሞ ሌላ አስተሳሰር አለው። የኋላውን ጠርዝ በእግሮቹ መሃል ወደ ፊት አምጥቶ ወገቡ ላይ ይሸጉጠዋል። ሽርጡ እንደ ሰፊ ቁምጣ ይሆናል። መሰላል ላይ የሚጠልፍ የተንጠለጠለ ጨርቅ አይኖርም፤ ከሥር ለቆመም ሰው የሚያሳፍር ነገር የለም። አጎቴ ይህን አስተሳሰር ያሳየኝ ልጅ ሆኜ ነው። አሁን እርጅና ተጭኖት ጣሪያ አይወጣም፤ መሰላል ግን ይይዝልኛል።

«አጎቴ፣ ጠበቅ አድርገው ይያዙልኝ።»

«አንተ ሽርጥህን አጥብቅ እንጂ መሰላሉስ የትም አይሄድ።»

መሰላል ሲቆም ከፍታው 4 ሜትር ከሆነ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ያህል መራቅ አለበት። ከዚያ ከቀረበ ወደ ኋላ ይገለበጣል፤ ከራቀ እግሩ ይንሸራተታል። ቆርቆሮ ሥራ ደግሞ በጠዋት ነው። ከረፋዱ በኋላ ቆርቆሮው እጅ አያስነካም።

የጣሪያችን ማፍሰስ መነሻው ሚስማሮቹ ነበሩ። ቆርቆሮ ሲመታ ሚስማሩ የሚገባው ጉብታው ላይ ነው። ውሃ የሚሄደው በጎድጓዳው ነውና እዚያ የተመታ ሚስማር ቀጥታ የውሃ መንገድ ላይ ቀዳዳ መክፈት ነው። ከዓመታት በፊት የቀጠርነው ሠራተኛ ግማሹን ጎድጓዳው ላይ መትቶት ሄዷል። እነዚያን ነቅዬ ቀዳዳውን በካትራም ደፈንኩ፤ ከሥሩ ጎማ ያለውን የቆርቆሮ ሚስማር ጉብታው ላይ መታሁ። ጎማው ሲጠብቅ መጨፍለቅ የለበትም። ቆርቆሮውን ገፋ ሲያደርግና ሚስማሩ አልነቃነቅ ሲል ማቆም ነው። ጣሪያ ላይ በተቀመጥኩበት እግሬን ዘርግቼ፣ አጥፌ፣ ተንፏቅቄ ስሠራ አንድም ጊዜ ልብሴ አልያዘኝም።

ስለ ቧንቧ ብዙ አልልም። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ መስመሩ አየርም ግፊትም ይፈራረቅበታል፤ መገጣጠሚያው ቶሎ ይላላል። ግማሽ ኢንች ቧንቧ፣ ኤልቦ (የማዕዘን መገጣጠሚያ)፣ ቴፍሎን (ጥርሱ ላይ የሚጠቀለል ነጭ ጥብጣብ)፣ አንድ ጥሩ መፍቻ ካላችሁ አብዛኛውን ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ። ቴፍሎኑ ጥርሱ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ይጠቀለል፤ በተቃራኒው ከሆነ ስታጠብቁት ይፈታል። ከሽርጥ ጋር የሚያገናኘው መርጠቡ ነው። ቧንቧ የሚሠራ ሰው መርጠቡ አይቀርም። የረጠበ ጂንስ እስከ ማታ ይከብዳችኋል። የረጠበ የጥጥ ሽርጥ ቡናው ሳይፈላ ይደርቃል።

አሁን የማይሆንበትን ልናገር። እዚህ ላይ ማንም ሰው እንዲጎዳ አልፈልግም።

ግራይንደር ስትይዙ ሽርጥ አውልቁ። ትንሹ የእጅ ግራይንደር ዲስኩ በደቂቃ ወደ 11,000 ጊዜ ይዞራል። የተንጠለጠለ ጨርቅ ከያዘ እጃችሁ ማጥፊያው ጋ ሳይደርስ ጨርቁን ጠቅልሎ ወደ ሰውነታችሁ ይመጣል። የብረቱ ፍንጣሪም ባዶ እግር ላይ ይወርዳል። ለብየዳም እንደዚሁ። ለዚህ ወፍራም የጥጥ ሱሪና ቆዳ ጫማ ነው። ድሪልም ቢሆን ጭን አካባቢ አስጠግታችሁ የምትበሱበት ሥራ ከሆነ ሽርጡ ጥብቅ ተደርጎ መሸጎጥ አለበት፤ ካልሆነ ሱሪ ልበሱ።

ሁለተኛው ሲሚንቶ ነው። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል። በእሳት መቃጠል አይደለም፤ እንደ ሳሙና ጥሬ ዕቃ ኃይለኛ አልካሊ ስለሆነ ቀስ እያለ ቆዳ ይበላል። መጀመሪያ ስለማያም ሰው አያውቀውም፤ ማታ ላይ ነው እግሩ የሚላጠው። ጭቃ በባዶ እግር ይረገጣል፣ ሲሚንቶ ግን በፍጹም። ወለል ስናፈስ ሱሪዬን ቦቲ ጫማ ውስጥ ከትቼ ነው የሠራሁት። የነካውንም ቦታ ወዲያው በብዙ ውሃ ማጠብ ነው።

ከሁለቱ ውጪ ያለው ሥራ የሽርጥ ነው።

የሰው ወሬ ይቀራል። እውነቱን ለመናገር ከሥራው ይልቅ የሚከብደው እሱ ነው።

ለወለሉ ሥራ አንድ ወጣት ግንበኛ ቀጥሬ ነበር። ጠዋት ሲመጣ በሽርጥ ጭቃ ሳቦካ አገኘኝ። ግራ ቀኝ አየና «ጋሼ፣ ባለቤቱ የሉም?» አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት። ደነገጠ። ከዚያ በኋላም ስለ ውሃ ልኩ፣ ስለ ድብልቁ ሳወራው እንደማያውቅ ሰው ነበር የሚሰማኝ። ከሰዓት የቤቱን ማዕዘን ቀጥ ማለቱን በቱምቢ (ጫፉ ላይ ክብደት ባለው ክር) አብረን ስንለካ ነው ነገሩ የተለወጠው። ማታ ሲሄድ «የጭቃውን አሠራር ያሳዩኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። አሳየሁት። ጎበዝ ልጅ ነው፤ አሁንም ሥራ ሲኖር እሱን ነው የምጠራው። ግን የጠዋቱ ሁኔታው ያሳዝነኛል። ሽርጥ የለበሰ ሰው ሥራ የማይችል፣ ወይ ገጠሬ፣ ወይ ሰነፍ አድርጎ የሚያይ ዓይን ከየት መጣ? የልጁ አያት እኮ ሽርጥ ለባሽ ናቸው፤ እሱው ነው የነገረኝ።

ልጄም አንድ ሰሞን ያፍርብኝ ነበር። ጓደኞቹ ሲመጡ «አባዬ፣ ሱሪ ልበስ» ይለኛል። አልተቆጣሁትም። አሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የጓደኛ ዓይን ይከብደዋል። የአባቴን ፎቶ አወጣሁለት። ሚሌ አካባቢ የተነሳ ነው። መኪናው ተሰብሮ ቆሟል፤ አባቴ በሽርጥ፣ እጁ ዘይት በዘይት ሆኖ፣ የመፍቻውን እጀታ ይዞ ካሜራውን ቀጥ ብሎ ያያል። «ይህን ሰውዬ ማን ይስቅበታል?» አልኩት። ልጁ ዝም ብሎ ፎቶውን ብዙ አየው። አሁን ሲረዳኝ አንዳንዴ ራሱ ያሸርጣል፤ አንዳንዴ በቁምጣ ነው። የፈለገውን ይልበስ።

ባለቤቴ ግን ከመጀመሪያውም ተቃውማ አታውቅም። የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሥራውና የሶላቱ ሽርጥ አይቀላቀል። ትክክል ናት። የሥራዎቹ በሩ ጀርባ ባለው ሚስማር ላይ ይሰቀላሉ፤ ንጹሖቹ ሳጥን ውስጥ ናቸው።

ባልደረባዬ «በቀሚስ» ሲለኝ፣ ሌላም አገር እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ ያሳየኝ የእህቴ ልጅ ትዝ አለኝ። አሜሪካ ነው የሚኖረው። ሲያትል ከተማ በ2000 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ዩቲሊኪልትስ የሚባል ድርጅት የወንዶች የሥራ ኪልት እንደሚሰፋ በፎቶ ልኮልኝ ነበር። የስኮትላንዶቹን ዓይነት፣ ጉልበት ላይ የሚቆም፣ ከወፍራም ጨርቅ የተሠራ ነው፤ ጎንና ጎኑ ላይ ኪስ፣ መዶሻ የሚንጠለጠልበትም ማሰሪያ አለው። በ2017 እ.ኤ.አ. ሰኔ ላይ ደግሞ ፈረንሳይ፣ ናንት ከተማ ውስጥ የአውቶቡስ ሹፌሮች በሙቀቱ ወራት ቁምጣ አይፈቀድም ሲባሉ ጉርድ ቀሚስ ለብሰው ሥራ ገቡ። ሴቶቹ ባልደረቦቻቸው እንዲለብሱ ስለሚፈቀድ ማለት ነው። ይህን ለባልደረባዬ ስነግረው በጣም ገረመው። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ሹፌር፣ ሙቀት፣ እግር የማያፍን ልብስ፤ ነገሩ የአባቴ ነገር ነው። አባቴና ጓደኞቹ ማንንም ሳያስፈቅዱ ያደረጉትን እነሱ በተቃውሞ ነው ያገኙት።

የኪልቱን ፎቶ ግን በከንቱ አላየሁትም። ሽርጥ አንድ ጉድለት አለው፤ ኪስ የለውም። መሰላል ላይ ሚስማር በአፍ መያዝ መጥፎ ልማድ ነው፤ ቀበቶ ላይም ሚስማር አይሰካም። ስለዚህ ከጥጥ ሽርጦቼ አንዱን ይዤ ገበያ አካባቢ ወዳለ ልብስ ሰፊ ሄድኩ። ጠና ያሉ፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ የወረደ ሰው ናቸው። ፎቶውን አሳየኋቸው። አዩት፣ ስልኩን መለሱልኝ፣ ሽርጡን ዘርግተው በእጃቸው ዳሰሱት።

«ለምንድን ነው?» አሉኝ።

«ለቤት ሥራ ነው። ሚስማር የሚይዝ ኪስ ፈልጌ ነው።»

«ሚስማር ይሄን ይበሳዋል» አሉ። «በሸራ ላድርግልህ። ደግሞ ወገቡ ጋ አይደለም፤ ስትጠቀልለው ይጠፋል። ዝቅ ይበል።»

እኔ ያላሰብኩትን ነው ያሰቡት። ኪሱን ከጥቅሉ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርገው በቀኝ ጭን በኩል ሰፉት። ከአሮጌ የመኪና ሸራ የተቆረጠ ነው፤ አፉ ላይ ድርብ ስፌት አለው። ሽርጡ ከጉልበት በላይ ሲሰበሰብ ኪሱ ከመታጠፊያው በላይ ስለሚሆን ሚስማሩ አይፈስም። ለመዶሻው ማሰሪያ ግን አልተስማሙም። መዶሻ ሽርጥን ይጎትታል፤ እሱ ቀበቶህ ላይ ይሁን አሉኝ። ሞክሬ አየሁት፤ እውነታቸውን ነው።

አሁን የቀረኝ አሸንዳው ነው። የግድግዳውን እግር የሚበላው ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ ነው ብያችኋለሁ፤ አሸንዳ ካልተገጠመ ዘንድሮ የመረግሁትን ለከርሞ ደግሜ ልመርግ ነው። ቆርቆሮውን አጥፎ የሚሠራ ሰው ተነጋግሬያለሁ። ቅንፎቹን የምመታው እኔ ነኝ፤ ክረምቱ ሳይገባ፣ በጠዋት፣ አጎቴ መሰላሉን ይዞልኝ። የግቢው ውሃ መውረጃም ወደ መንገዱ ተዳፋት መቆፈር አለበት። ለቁፋሮው ልጄና ያ ግንበኛ ልጅ ይረዱኛል። ልብስ ሰፊው ሁለተኛውን ባለ ኪስ ሽርጥ ለሐሙስ ቀጥረውኛል፤ እሱ ለልጄ ነው፣ ራሱ ጠይቆኝ።